ደብዛዛውን ምስል አትንኩት

በ1969 ከታዩት የ«ስታር ትሬክ» ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ሜሞሪ አልፋ የምትባል ትንሽ ፕላኔት አለች፤ የብዙ ዓለማት ዕውቀት የተከማቸባት ቤተ መጻሕፍት ናት። በ2003 የዚህ የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም አድናቂዎች፣ ማንም ሰው ገብቶ ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል የጋራ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ሲከፍቱ ስሙን ከዚያ ወሰዱ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በሜሞሪ አልፋ ዊኪ ላይ ስለ መርከቦቹ፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱ፣ በአንድ ትዕይንት ጥግ ብልጭ ብሎ ስለጠፋ ዕቃ ሳይቀር ገጽ ይገኛል። ጸሐፊዎቹ ደመወዝ የላቸውም። ክርክራቸው ግን ደመወዝተኛውን ያስንቃል፤ አንድ ቀን፣ አንድ ማዕረግ፣ አንድ የመርከብ ቁጥር ያለ ምንጭ አያሳልፉም።

እንዲህ ዓይነት ዊኪዎች አሁን ለሁሉም ነገር አሉ፤ ለቪዲዮ ጌም፣ ለካርቱን፣ ለሙዚቃ፣ ለመጻሕፍት። ጽሑፋቸው ከዓመት ዓመት እየጠራ ሲሄድ ምስላቸው ግን እንደተገኘ ይገባል። ጽሑፉ ላይ ነጥብ በነጥብ ሲሟገት የዋለ ሰው ምስል ላይ ሲደርስ እጁ ይላላል፤ ጎግል ላይ ያገኘውን ያነሳል፣ ያሳምራል፣ ይጭናል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን በአድናቂዎች ዊኪ ላይ ያለ ምስል መመዘን ያለበት እንደ ምስክር ነው። ገጹ «በመርከቧ አካል ላይ ይህ ቁጥር አለ» ካለ ምስሉ ቁጥሩን ያሳይ። ካላሳየ ለምን መጣ?

ነገሩ በአንድ ፊት ላይ ይታያል። በአሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተዘጋጀ ዲቪዲ እያንዳንዱን ፍሬም የሚያስቀምጠው በ720 በ480 ፒክስል ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ስክሪን ቅርጽ ግን አራት በሦስት በመሆኑ ማጫወቻው ፍሬሙን ሲያሳይ ወደ 640 በ480 ያጠበዋል። አድናቂው ፍሬሙን በጥሬው አውጥቶ ዊኪው ላይ ከጫነው ይህ ማጥበብ ይዘለላል። ያን ጊዜ የ«ስታር ትሬክ»ው ካፒቴን ፒካርድ ከትክክለኛ ስፋቱ ላይ አንድ ስምንተኛ ተጨምሮለት፣ ጉንጩ ተነፍቶ ይቀርባል። ተዋናዩ ፓትሪክ ስቱዋርት በዚያ ዘመን አልወፈረም፤ የወፈረው ፋይሉ ነው። ስህተቱ ለዓይን ትንሽ ስለሆነ ማንም ሳያርመው ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ገጹን የሚጎበኘው ሁሉ ግን የተሳሳተ ፊት ይዞ ይሄዳል።

ፍሬም መምረጥም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ይቀረጻል፤ የድሮው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ደግሞ በሰከንድ 60 ገደማ ግማሽ ምስሎችን ያስተላልፍ ነበር። ሃያ አራቱን ወደ ስድሳ ለማድረስ ፍሬሞቹ ተከፋፍለው ይደራረባሉ። በዚህ የተነሳ ከየአምስቱ የቪዲዮ ፍሬሞች ሁለቱ ከሁለት የተለያዩ የፊልም ፍሬሞች ግማሽ ግማሽ ተወስዶ የተሰፉ ናቸው። ተዋናዩ እጁን ሲያነሳ በእንዲህ ያለው ፍሬም ላይ ቆም ያለ ሰው የእጁ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰንጣጥቆ ያገኘዋል። ጀማሪው ያንን በፎቶ ማረሚያ ሶፍትዌር ሊያለሰልሰው ይታገላል፤ ልምድ ያለው አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ወደፊት ይገፋና ንጹሑን ያነሳል። ዓይን የተከደነበት፣ አፍ በንግግር መሃል የተጣመመበት ፍሬምም እንዲሁ በትዕግሥት ይታለፋል። በሰከንድ 24 ዕድል ያለው ሰው መጥፎውን የሚመርጥበት ምክንያት የለም።

ጨለማን ማብራት ሌላው ፈተና ነው። ትዕይንቱ ጨለም ያለ ከሆነ ጨለማው የካሜራ ባለሙያውና የዳይሬክተሩ ውሳኔ ነው፤ አድናቂው ብርሃኑን ሲጨምር የፊልሙን ምስል ትቶ የራሱን እያሳየ ነው።

እዚህ ላይ ስታር ትሬክ ለክርክሩ የተሠራ የሚመስል ታሪክ አለው። በ1966 በጀመረው የመጀመሪያው ተከታታይ፣ ኢንተርፕራይዝ የተባለችው መርከብ በጠፈር ስትበር የሚያሳዩት ትዕይንቶች የተቀረጹት በእጅ በተሠራ፣ ከሦስት ሜትር በላይ ርዝመት ባለው ሞዴል ነው። ሞዴሉ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ይታያል። በ2006 ባለመብቶቹ ፊልሙን ሲያድሱት ብዙዎቹን የጠፈር ትዕይንቶች በኮምፒውተር በተሠሩ አዳዲስ ምስሎች ተኩ። እናም የአንዱ ክፍል አንዱ ትዕይንት አሁን ሁለት መልክ አለው። ስለ 1966ቱ የሞዴል ሥራ የሚተርክ አንቀጽ አጠገብ የ2006ቱ መርከብ ከተለጠፈ ጽሑፉና ምስሉ ይካካዳሉ። ምስሉ ያምራል፣ ጥራቱም ከፍ ያለ ነው፤ ግን የሚናገረው ስለ ሌላ ዘመን ነው። ከምስሉ ሥር «ከ2006ቱ ዕድሳት» የሚሉ ሁለት ቃላት ቢጨመሩ ጠቡ ያበቃ ነበር።

በ1987 የጀመረው «ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» ደግሞ በ35 ሚሊሜትር ፊልም ተቀርጾ የተቀናበረው ግን በቪዲዮ ቴፕ ላይ ነበር። ጥርት ያለ ቅጂ ለማግኘት ወደ መጀመሪያው ፊልም ተመልሶ እያንዳንዱን ክፍል እንደ አዲስ መገጣጠም ያስፈልግ ነበር። ይህ አድካሚ ሥራ ተሠርቶ ከ2012 እስከ 2014 በብሉሬይ ወጣ። ከእሱ በኋላ የመጡት «ዲፕ ስፔስ ናይን» እና «ቮዬጀር» ግን ያንን ዕድል አላገኙም። ለ2019ኙ ዘጋቢ ፊልም ከታደሱ ጥቂት ትዕይንቶች በቀር የ«ዲፕ ስፔስ ናይን»ው ካፒቴን ሲስኮ ዛሬም የሚታየው በዲቪዲው 480 መስመር ነው። አንድ ሰው የፒካርድንና የሲስኮን ገጽ አከታትሎ ሲከፍት ልዩነቱ ዓይን ይወጋል፤ አንደኛው ጥርት ያለ፣ ሌላው ጭጋግ የጋረደው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብቅ ያለው በዚህ ክፍተት ነው። ምስልን በአራት እጥፍ አሳድጎ የሚያጠራ ሶፍትዌር ማንም ቤቱ ሆኖ ሊያሠራ ይችላል፤ የ«ዲፕ ስፔስ ናይን» አድናቂዎችም ሙሉ ክፍሎችን በዚህ መንገድ ለማጥራት ሲደክሙ ቆይተዋል። በግል ለማየት ከሆነ የሚያስወቅስ ነገር የለበትም። ውጤቱን ዊኪው ላይ መጫን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሶፍትዌሩ በ480 መስመር ውስጥ የሌለውን ነገር ከየትም አያመጣም፤ ከዚያ በፊት ካያቸው እጅግ ብዙ ምስሎች ተነስቶ ይገምታል። ብዥ ያለውን ጉንጭ የሸክላ አሻንጉሊት ያስመስለዋል፣ ያልነበረ ሽፋሽፍት ይተክላል። ከጀርባ ያለው የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ የማይነበበውን ጽሑፍ ደግሞ ፊደል ወደሚመስል፣ ግን ፊደል ወዳልሆነ ነገር ይለውጠዋል። ያ ሰሌዳ ላይ ምን እንደተጻፈ ለማወቅ ሲል ወደ ዊኪው የመጣ አንባቢ አለ። ደብዛዛው ፍሬም «አይነበብም» ብሎ በሐቅ ይመልስለታል። የጠራው ፍሬም ይዋሸዋል።

የሌላውን ወገን ሙግት ማጣጣል አይገባም። አንባቢ ጭጋጋም ፎቶ ሲያይ ገጹን ዘግቶ ይሄዳል ይላሉ፤ እውነት አለው። ስቱዲዮው ራሱ በ2006 የፈለገውን ቀይሮ የለ እንዴ፣ እኛስ? ይላሉም። መልሱ ግን ከባድ አይደለም። የስቱዲዮው ለውጥ ቀን ያለው፣ ባለቤት ያለው፣ ራሱ የፊልሙ ታሪክ አካል የሆነ ለውጥ ነው፤ ዊኪውም እንደ ታሪክ ሊመዘግበው ይችላል። የአንድ አድናቂ ኮምፒውተር አንድ ሌሊት የገመተው ሽፋሽፍት የየትኛው ታሪክ አካል ነው? የጠራውን ቅጂ በራሱ የግል ገጽ ላይ «በሶፍትዌር የተገመተ» ብሎ ማስቀመጥ የሚከለክለው የለም። የገጸ ባሕርይው ዋና ገጽ ላይ ግን ቦታ የለውም።

የፋይል ዓይነት ጉዳይ ደረቅ ይመስላል፤ በጥቂቱ ካልተነካ ግን የቀረው አይገባም። በ1992 የወጣው ጄፔግ ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር ይጥላል። ብዙውን ጊዜ ቀለምን ከብርሃን የበለጠ ይቀንሳል። ለሰው ፊትና ለመልክዓ ምድር ይህ ጥሩ ድርድር ነው። የስታር ትሬክ መርከቦች ውስጥ ያሉት ሰሌዳዎች ግን በጥቁር ላይ የተጻፉ ብርቱካናማና ቀይ ጽሑፎች ናቸው፤ ጄፔግ የሚያበላሸው ደግሞ በተለይ እንዲህ ያለውን ነው፤ የፊደሉ ጠርዝ ይቆሽሻል፣ ቀዩ ወደ ጥቁሩ ይፈስሳል። ለሰሌዳ፣ ለአርማ፣ ለካርታና ለጌም ምስል በ1996 የወጣውና ምንም የማይጥለው ፒንግ የተሻለ ነው። አንዴ በጄፔግ የተበላሸውን ወደ ፒንግ መለወጥ ግን የወደቀውን አያነሳም፤ ብልሽቱን በትልቅ ፋይል አሽጎ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ጂፍ በ256 ቀለም ይወሰናል፤ ለአጭር እንቅስቃሴ ካልሆነ ብዙ አያስፈልግም፤ ክብደቱም የአንባቢውን የሞባይል ፓኬጅ ይበላል።

ቴሌግራም ላይ ለሚውል የአገራችን አንባቢ ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም። ፎቶ በ«ፎቶ» ሲላክ አፑ ያሳንሰዋል፣ ያምቀዋል፤ በ«ፋይል» ሲላክ እንዳለ ይደርሳል። ከአንዱ ቻናል ወርዶ በስክሪንሾት ተነስቶ ወደ ሌላው የወጣ፣ ከዚያም ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ፎቶ በየደረጃው እየተላጠ ነው የሚሄደው። ዊኪ ላይ መግባት ያለበት ከምንጩ በጣም የቀረበው ቅጂ ነው። ፋይሉ ትልቅ ከሆነ ገጹ ይከብዳል ብሎ አሳንሶ መጫንም አያስፈልግም፤ አብዛኞቹ ዊኪዎች የሚሠሩበት ሚዲያዊኪ የተባለው ሶፍትዌር ለገጹ የሚሆኑትን ትናንሽ ቅጂዎች ራሱ ያዘጋጃል። አንባቢው የሚያወርደው ትንሹን ነው፤ ትልቁ ለሚፈልገው ሰው ተቀምጦ ይቆያል።

ስለ ሥርዓት ከተነሳ ማይንክራፍት የተባለውን የቪዲዮ ጌም ዊኪ የሚያህል ጥቂት ነው። አዘጋጆቹ በ2023 ፋንደም የተባለውን ትልቅ የዊኪ ድርጅት ለቀው የራሳቸውን ቤት ሠርተዋል፤ ምስላቸውን የያዙበት መንገድ ግን ከዚያ በፊትም የሚያስቀና ነበር። የማይንክራፍት ዓለም የተሸፈነበት ሥዕል በአብዛኛው 16 በ16 ፒክስል ነው። ይህን የሚያህል ምስል ተራ የፎቶ ሶፍትዌር ሲያሳድገው ፒክስሎቹን አቅልጦ ያዋህዳቸዋል፤ ድንጋዩ ገንፎ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ፒክስል ሳይነኩ በሙሉ ቁጥር ማባዛት ነው፤ 16ቱን ወደ 160 ወይም ወደ 320። ወደ 150 ከተደረገ አንዱ ፒክስል ዘጠኝ፣ ሌላው አሥር ይደርሰውና መስመሩ ይንጋደዳል።

የበለጠ የሚደንቀው ግን የፋይል ስማቸው ነው። ጌሙ ጃቫና ቤድሮክ የተባሉ ሁለት እትሞች አሉት፤ የአንድ ድንጋይ መልክም በየዘመኑ ሲለዋወጥ ኖሯል፤ በ2019 የወጣው እትም አብዛኛውን ሥዕል በአዲስ ተክቷል። ዊኪው አሮጌውን ፋይል በአዲሱ አይደመስስም። የዕቃው ስም ይጻፋል፣ ቀጥሎ በጃቫ ስንተኛ መልኩ እንደሆነ፣ ቀጥሎ በቤድሮክ ስንተኛ መልኩ እንደሆነ በቁጥር ይገባል። ስሙን ብቻ ያየ ሰው የትኛው ዘመን ላይ እንዳለ ያውቃል፤ ስለ አሮጌው መልክ የሚናገረው የታሪክ ክፍልም ምስሉ ከሥሩ አይነጠቅም። ከዚህ አጠገብ ካሜራው የሰጠውን ተራ ቁጥር፣ ወይም «ስክሪንሾት የመጨረሻው አዲሱ» የሚል ስም ይዞ የሚመጣ ፋይል ሲታይ ያሳዝናል። ከዓመት በኋላ የጫነው ሰው ራሱ ፈልጎ አያገኘውም።

ስንት ምስል ይበቃል የሚለው ብዙ የሚያከራክር አይደለም፤ እያንዳንዱ አንቀጽ የሚለውን አንድ ነገር የሚያሳይ ካለ ይግባ፣ ከሌለ ባዶው ይሻላል። አንዱን ሰው ከአምስት ማዕዘን የሚያሳይ ገጽ አንባቢን ያዳክማል። የገጹ አናት ላይ የሚውለው ዋና ምስል ግን ጥንቃቄ ይሻል። የስታር ዋርስ አድናቂዎች ዊኪ አንድ ሰው መሆናቸው ኋላ የሚገለጠውን አናኪን ስካይዎከርንና ዳርዝ ቬደርን በአንድ ገጽ ይተርካል፤ ፊልሙን ያላየ ወጣት ገጹን ከፍቶ የትኛውን ፊት ቢያይ ነው ታሪኩ የማይበላሽበት? እንዲህ ባለ ቦታ መልሱ ከምስል ጥራት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ምስሉን የማያየው አንባቢም አለ። ዓይነ ስውራን ገጹን የሚያነቡት ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌሩ ምስል ላይ ሲደርስ የሚያነበው ከጀርባው የተጻፈለትን መግለጫ ነው። መግለጫ ከሌለ ብዙ ጊዜ የፋይሉን ስም ፊደል በፊደል ይቆጥርለታል፤ ወይም ዘሎት ያልፋል። ከምስሉ ሥር የሚታየው ጽሑፍ «ሲስኮ በጣቢያው አዛዥነቱ የመጀመሪያ ዓመት» ሊል ይችላል፤ ከጀርባ ያለው ግን «ፀጉሩ አጭር፣ ትከሻው ቀይ የሆነ ጥቁር ዩኒፎርም የለበሰ ጥቁር ሰው፣ እስከ ደረቱ» ማለት አለበት። አንደኛው ትርጉሙን ይሰጣል፣ ሁለተኛው የሚታየውን። ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጎ መጻፍ ለዓይነ ስውሩ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ማንበብ ነው።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ አድናቂዎች የዚህ ሁሉ ክርክር ባለቤቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ገና አልሰሙትም። በ2000 የተመሠረተው ዲስኮግስ የሸክላና የካሴት ወዳጆች በጋራ የሚሞሉት ትልቅ የሙዚቃ መዝገብ ነው፤ በ1969 ሥራ የጀመረው የአምሃ እሸቴ አሳታሚ «አምሃ ሪከርድስ» እና የ«ካይፋ ሪከርድስ» ሸክላዎችም እዚያ ገጽ አላቸው። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በ1975 በካይፋ ወጣ፤ በ1986 የብራስልሱ ክራምድ ዲስክስ ለአውሮፓ ጆሮ አቀረበው፤ በ1999 ደግሞ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሰባተኛው ቅጽ ሆነ። የ1986ቱን ሽፋን የ1975ቱ ገጽ ላይ መለጠፍ የኢንተርፕራይዝን ሁለት መርከቦች እንደማምታታት ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ግን ከዚህም የባሰ ይታያል፤ የድሮ ፎቶና የሸክላ ሽፋን ከየት እንደመጣ ሳይነገር፣ በሶፍትዌር ቀለም ተቀብቶ፣ መሃሉ ላይ የለጠፈው ገጽ አርማ ታትሞበት ይዞራል። አርማውን ያተመው ሰው ፎቶውን አላነሳውም፤ ከሌላ ሰው አልበም ወይም ከአሮጌ ጋዜጣ ነው የቀዳው።

መብቱም መታሰብ አለበት። «ምንጭ፦ ፌስቡክ» ብሎ መጻፍ ፈቃድ አይሆንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለፎቶግራፍ ሥራም ጥበቃ ይሰጣል። ለውክፔዲያ ምስል የሚያቀርበው ዊኪሚዲያ ኮመንስ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት የሚችለውን ብቻ ስለሚቀበል የአልበም ሽፋን ብዙውን ጊዜ እዚያ አይገባም። እንግሊዝኛው ውክፔዲያ በአሜሪካ ሕግ ፍትሐዊ አጠቃቀም ላይ ተመርኩዞ እንዲህ ያለውን ሽፋን በቁጠባ፣ ያውም በጠቅላላው ወደ 100,000 ፒክስል ገደማ አሳንሶ ያስገባል። በገዛ እጅ የተነሳ የመንገድ፣ የገበያ ወይም የበዓል ፎቶ ግን በነፃ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ ኢትዮጵያን የሚመለከቱ ብዙ ገጾችም ይህንኑ ይጠብቃሉ።

ቤቱ ሸክላ ያለው ሰው ለመዝገቡ ማዋጣት ከፈለገ ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው። ሸክላውን በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማትመታበት ጠረጴዛ ላይ ማጋደም፤ የስልኩን ፍላሽ ማጥፋት፤ ስልኩን ከላይ በቀጥታ መያዝ፣ መሃል ያለው ክብ ወረቀት ሞላላ እንዳይሆን። ሁለቱንም ገጽ፣ የሽፋኑን ፊትና ጀርባ ማንሳት። ከሙዚቃው መስመር ማብቂያ እስከ ወረቀቱ ባለው ባዶ ጥቁር ቀለበት ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጎን ብርሃን ለብቻው ማንሳት፣ የትኛው ሕትመት እንደሆነ የሚለየው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና። ጭረቱንና የቀድሞ ባለቤት በእስክሪብቶ የጻፈውን ስም ማጥፋት አያስፈልግም። ፎቶው ተነስቶ ቁጥሩ ካልተነበበ ግን ሸክላውን ትንሽ አዙሮ እንደገና ማንሳት ነው።